ገንዘቡ ተፈቀደ፤ አሁንስ? የሰውነት ማጎልመሻ ግራንትን በትምህርት ቤት ለማስተዳደር

"ፕሮፖዛሉ አለፈ። ገንዘቡ ሊገባ ነው። ከየት እንጀምር?"

ይህን ጥያቄ ከርእሳነ መምህራን፣ ከስፖርት መምህራን፣ አንዳንዴም ግራ ከገባቸው የሒሳብ ሠራተኞች ደጋግሜ እሰማለሁ። በስልክ ስመልስ ሁሌም ግማሹን እረሳለሁ። ስለዚህ ይኸው፣ ለጋሽ ለትምህርት ቤት ስፖርት የሚሰጠውን ገንዘብ (ግራንት) ስለማስተዳደር፣ በጽሑፍ።

ከመጀመራችን በፊት በአንድ ነገር እንስማማ። እዚህ ውስጥ የሚመላለስ አንድ መለኪያ አለ፦ ደቂቃ። ልጆቹ በሳምንት ስንት ደቂቃ ተንቀሳቀሱ? የትኛውንም ወጪ ከመፈረማችሁ በፊት "ይሄ ስንት ደቂቃ ይጨምራል?" ብላችሁ ጠይቁ። መልስ ካጣችሁ እስክሪብቶውን አስቀምጡት።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

ለአስተዳደሩ፦
- የተፈረመው ስምምነትና የጸደቀው በጀት፣ በወረቀት የታተመ
- በየበጀት መስመሩ (ዕቃ፣ ሥልጠና እያለ በወጪ ዓይነት) የተከፋፈለ አንድ ወፍራም ማኅደር
- የወጪ መዝገብ (ኤክሴልም ሆነ ተራ ደብተር ይሠራል)
- የንብረት መዝገብና የዕቃ ማውጫና መመለሻ ቅጽ
- ፎቶ የሚያነሳ ስልክ

ለልኬቱ፦
- ቢያንስ 20 ሜትር የሚደርስ መለኪያ
- ኮኖች፣ ፊሽካ፣ ስቶፕ ዎች፣ ድምፅ ማጫወቻ
- የተማሪዎች ስም ዝርዝር
- የመጀመሪያ እርዳታ ሳጥን

ደረጃ 1፦ ስምምነቱን አንድ ገጽ ላይ አውጡት

ፕሮፖዛሉን የጻፈው ሰው "ስምምነቱን አውቀዋለሁ" ይላችኋል። ብዙ ጊዜ የሚያውቀው ፕሮፖዛሉን ነው። ሁለቱ ይለያያሉ። ለጋሹ ሲያጸድቅ የቀነሰው፣ የጨመረው፣ ቅድመ ሁኔታ ያስቀመጠበት ነገር ይኖራል። ስምምነቱን ይዛችሁ ተቀመጡና እነዚህን ብቻ ጻፉ፦

- ፕሮጀክቱ የሚጀምርበትና የሚያልቅበት ቀን
- የማይፈቀዱ ወጪዎች
- ከአንዱ የበጀት መስመር ወደ ሌላው ያለ ፈቃድ ማዛወር የሚቻለው ስንት በመቶ እንደሆነ
- ሪፖርት የሚቀርብባቸው ቀናት
- ለግዢ ስንት ፕሮፎርማ (የሻጭ የዋጋ ማቅረቢያ) እንደሚያስፈልግ
- ትምህርት ቤቱ ከራሱ አዋጣለሁ ብሎ ቃል የገባው
- ሰነድ ለስንት ዓመት እንደሚቀመጥ
- በመጨረሻ ዕቃው የማን እንደሚሆን

ለምን? ከመጀመሪያው ቀን በፊት ወይም ከመጨረሻው ቀን በኋላ የወጣ ወጪ አብዛኛውን ጊዜ ተቀባይነት የለውም። ኳሱ የተገዛው ከመጀመሪያው ቀን 3 ቀን ቀድሞ ከሆነ፣ ልጆቹ ቢጫወቱበትም እንኳ ሒሳቡ ትምህርት ቤቱ ላይ ሊወድቅ ይችላል። ገጹን ቢሮ ግድግዳ ላይ ለጥፉት።

ደረጃ 2፦ ሥራውን ለሦስት ሰው አካፍሉ

አንዱ ዕቃ ይጠይቃል (ብዙውን ጊዜ የስፖርት መምህሩ)። ሌላው ቆጥሮ ይረከባል። ሦስተኛው ይከፍላል። ሦስቱንም አንድ ሰው ከያዘው፣ ሰውየው የቱንም ያህል ታማኝ ቢሆን ጥያቄ ሲነሳ የሚከላከልለት ወረቀት የለውም። አሠራሩ በዋናነት የሚጠብቀው ቅኑን ሰው ነው።

ከሦስቱ አንዱን አስተባባሪ አድርጉ። ለአስተባባሪው ደግሞ ምክትል። ፕሮጀክቱ በአንድ ሰው ጭንቅላት ውስጥ ብቻ ካለ፣ ሰውየው ሲዛወር ፕሮጀክቱም አብሮት ይዛወራል።

ደረጃ 3፦ ገንዘቡን ከሌላው ገንዘብ ለዩ

የተለየ የባንክ ሒሳብ ቢኖር ጥሩ። ካልተቻለ በመዝገቡ ላይ የተለየ መለያ ቁጥር ይሰጠው። በየደረሰኙ ጀርባ ላይ የግራንቱን መለያ፣ የበጀት መስመሩንና ዕቃው ለምን እንደተገዛ በአንድ መስመር ጻፉ። ይህ ካልተደረገ አንድ ደረሰኝ ሳይታወቅ ለሁለት ለጋሾች ሊቀርብ ይችላል። በስህተት የተደረገ ቢሆንም በኦዲት ዓይን ማጭበርበር ይመስላል።

ከግራንቱ ከፊል ክፍያ የሚያገኝ መምህር ወይም አሠልጣኝ ካለ የሰዓት መዝገብ ይሙላ። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የሠራውን። በወሩ መጨረሻ ከትዝታ የሚሞላ መዝገብ ያስታውቃል፤ በዓልም ዝናብም ሳይል በየቀኑ እኩል ሰዓት ተጽፎበት ታገኙታላችሁ።

ማስጠንቀቂያ፦ በሙቀት የሚታተሙት ለስላሳ ደረሰኞች ይደበዝዛሉ። አንድ ጊዜ ማኅደሬን ስከፍት ስድስት ባዶ ነጭ ወረቀት ጠበቀኝ። ደረሰኙን በተቀበላችሁበት ቀን ፎቶ አንሱ ወይም ኮፒ አድርጉ፤ ከዋናው ጋርም አያይዙት።

ደረጃ 4፦ ምንም ሳይገዛ ለኩ

በብዛት የሚዘለለው ደረጃ ይሄ ነው። ከተዘለለ ደግሞ ወደ ኋላ ተመልሶ የሚያስተካክለው የለም። አዲሶቹ ኳሶች ሜዳ ከገቡ በኋላ "ድሮ እንዴት ነበር?" ብሎ መለካት አይቻልም። መነሻ ቁጥር ከሌላችሁ በዓመቱ መጨረሻ የምትጽፉት "ትልቅ ለውጥ አይተናል" የሚል ዓረፍተ ነገር ብቻ ይሆናል።

ሦስት ነገር ለኩ።

ሀ) የተካሄዱ ክፍለ ጊዜዎች። ባለፈው አንድ ወር በፕሮግራሙ ላይ ስንት የሰውነት ማጎልመሻ ክፍለ ጊዜ ነበር? በእርግጥ የተካሄደውስ ስንት ነው? ልዩነቱን ስታዩ ልትደነግጡ ትችላላችሁ።

ለ) የእንቅስቃሴ ጊዜ። በክፍለ ጊዜው ውስጥ ልጆቹ በእውነት የሚንቀሳቀሱት ምን ያህል ነው? ለዚህ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ከስም ዝርዝሩ በዕጣ 4 ልጆች ምረጡ፤ 2 ሴት፣ 2 ወንድ። ታዛቢው (መምህሩ ራሱ መሆን የለበትም) አንዱን ልጅ ለ10 ሰከንድ ያያል፣ በቀጣዩ 10 ሰከንድ ይመዘግባል። ልጁ ተኝቷል፣ ተቀምጧል፣ ቆሟል፣ ይራመዳል ወይስ ከመራመድ በላይ ይንቀሳቀሳል? ለእያንዳንዱ ልጅ 12 ጊዜ፣ ማለትም 4 ደቂቃ። ከዚያ ወደ ቀጣዩ ልጅ ይዞራል። በ16 ደቂቃ 48 ምልከታ ይሰበሰባል። መራመድና ከዚያ በላይ ያሉትን ደምሩ። ከ48ቱ 18 ከሆኑ 37.5 በመቶ ነው። በሙያው በስፋት የሚጠቀሰው ግብ የክፍለ ጊዜው ቢያንስ 50 በመቶ በእንቅስቃሴ እንዲያልፍ ነው።

ምልከታውን ክፍለ ጊዜው ሲጀምር ብቻ አታድርጉት። ልጆች መስመር ሠርተው የሚቆሙት ያኔ ስለሆነ ቁጥሩን ያዛባዋል። ዙሩን ደጋግሙት።

ሐ) የ20 ሜትር የምልልስ ሩጫ። ልጆቹ በ20 ሜትር ርቀት በተዘረጉ ሁለት መስመሮች መካከል ድምፅ ተከትለው ይመላለሳሉ። ፍጥነቱ በሰዓት 8.5 ኪሎ ሜትር ይጀምርና በየደቂቃው በ0.5 ኪሎ ሜትር ይጨምራል። ይህ በስፋት የሚሠራበት ዓይነቱ ነው። የምትጠቀሙበትን የድምፅ ቅጂ ስም መዝግቡ፤ በመጨረሻም ያንኑ ተጠቀሙ። ሜዳው፣ የቀኑ ሰዓትና ጫማው ከሁለተኛው ልኬት ጋር አንድ ዓይነት ይሁን። ጠዋት በቀዝቃዛ አየር ከተለካና ከሰዓት በፀሐይ ከተለካ ውጤት ምንም አይነበብም።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ልጅ በዓመት ውስጥ ያድጋል፤ ፕሮግራም ባይኖርም የሩጫ ውጤቱ ሊሻሻል ይችላል። ስለዚህ ፕሮግራሙ ገና ያልደረሰው ተመሳሳይ ክፍል ካለ እሱንም ለኩ። ከሌለ ደግሞ ለውጡ ሁሉ የእኛ ነው አትበሉ።

ማስጠንቀቂያ፦ የልብ ሕመም፣ አስም ወይም ሌላ የጤና ችግር ያለበትን ልጅ ከሩጫው በፊት ከወላጅ በሚመጣ ቅጽ ለዩ። ክብደት የምትለኩ ከሆነ ለብቻ፣ በመጋረጃ ይሁን፤ ቁጥሩም ጮክ ተብሎ አይነበብ። አንድ ልጅ በጓደኞቹ ፊት ክብደቱ ከተነበበበት በኋላ ወደዚያ ክፍለ ጊዜ መምጣቱን ሊጠላ ይችላል። ያኔ ገንዘቡ የተሰጠበትን ዓላማ በገዛ እጃችን አፈረስነው ማለት ነው።

ስለ ግብ አጻጻፍም አንድ ቃል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 ባወጣው መመሪያ ከ5 እስከ 17 ዓመት ላሉ ልጆች በቀን በአማካይ ቢያንስ 60 ደቂቃ መካከለኛና ጠንካራ እንቅስቃሴ ይመክራል። በሳምንት 420 ደቂቃ ማለት ነው። ትምህርት ቤታችሁ በሳምንት ሁለት ጊዜ 40 ደቂቃ ካለው ጠቅላላው 80 ነው። ግማሹ በእንቅስቃሴ ቢያልፍ 40። ስለዚህ የእረፍት ሰዓትንና ከትምህርት በኋላ ያለውን ጊዜ ያላካተተ ፕሮግራም "ተማሪዎች የቀን 60 ደቂቃቸውን ያሟላሉ" ብሎ ቃል መግባት የለበትም። ከገባ ሒሳቡ አይወጣም።

ደረጃ 5፦ ክፍለ ጊዜውን አስከብሩ

ፈተና ሲቃረብ መጀመሪያ የሚነጠቀው የስፖርት ክፍለ ጊዜ ነው። ሒሳብ መምህሩ "ዛሬ ብቻ" ይላል፣ ዛሬ ብቻ ወር ይሆናል። ርእሰ መምህሩ ፕሮግራሙ ሲጀመር በጽሑፍ እንዲያስታውቅ አድርጉ፦ ክፍለ ጊዜው ለለጋሽ የተገባ ቃል ነው፤ ከተወሰደ በዚያው ሳምንት ይተካል። የተወሰዱትንና የተተኩትን መዝግቡ።

ለዝናብም ተዘጋጁ። ጠረጴዛ ገፋ አድርጎ በክፍል ውስጥ የሚሠራ የሦስትና አራት ክፍለ ጊዜ ዕቅድ ይኑር።

ደረጃ 6፦ ከትምህርት ዕቅዱ ተነሥታችሁ ግዙ

አብዛኛው ሰው የዕቃ ዝርዝር ይዞ ነው የሚጀምረው። ተገላቢጦሽ ነው። መጀመሪያ መምህራኑን "በዚህ ወር ምን ታስተምራላችሁ? ስንት ልጅ በአንድ ጊዜ?" ብላችሁ ጠይቁ።

አንድ ምሳሌ ልስጥ። 50 ተማሪ አለ፣ 5 ኳስ አለ። ሁሉም ኳስ ይጫወቱ ከተባለ 10 ልጅ በአንድ ኳስ ነው፤ አብዛኞቹ ቆመው ያያሉ። አሁን ሜዳውን በ5 ጣቢያ ክፈሉት፦ ኳስ፣ መዝለያ ገመድ፣ የቅልጥፍና ሩጫ በኮን፣ የሚዛን ልምምድ፣ የውርወራ ልምምድ። በየጣቢያው 10 ልጅ። ኳሱ ጋ ሁለት ልጅ በአንድ ኳስ ደረሰ። ኳስ ሳትጨምሩ ቆሞ የሚያይ ጠፋ። ገንዘቡ 30 ኳስ ላይ ከሚያልቅ ገመድና ኮን ላይ ቢውል የሚጨምረው ደቂቃ ይበልጣል።

ፕሮፎርማ ስትጠይቁ ዝርዝሩን በደንብ ጻፉ። "የእግር ኳስ፣ ብዛት 20" ብቻ ከተባለ በርካሹ የተገኘው ይመጣል። መጠን ቁጥር ጻፉ፦ ለእግር ኳስ ከ8 ዓመት በታች ላሉ ቁጥር 3፣ ከ8 እስከ 12 ቁጥር 4፣ ከዚያ በላይ ቁጥር 5። ሜዳው ጠጠራማ ከሆነ ያንንም ጻፉ፤ ስስ ኳስ እዚያ ላይ ቶሎ ይላጣል። መንፊያና ትርፍ መርፌ አትርሱ። በአንድ መርፌ መሰበር ምክንያት ሃያ ኳስ መጋዘን ውስጥ ሲያንቀላፋ አይቻለሁ።

ርክክቡ ላይ አትቸኩሉ። ኳሶቹን ሁሉ ንፉ፣ አሳድሩ፣ በማግስቱ የተነፈሱትን ለዩ፣ ከዚያ ፈርሙ። ከፈረማችሁ በኋላ ነጋዴው አያውቃችሁም።

በየዕቃው ላይ በማይለቅ ቀለም ቁጥር ጻፉና መዝግቡ። ቁልፉ ሁለት ሰው ጋ ይሁን። በአንድ የማውቀው ትምህርት ቤት ምርጥ የጂምናስቲክ ፍራሾች ተገዝተው ቁልፍ ያዡ የወሊድ ፈቃድ ስለወጣች ወራት ተቆልፎባቸው ነበር። ሪፖርቱ ላይ ግን "ተገዝተው አገልግሎት ላይ ውለዋል" ይላል!

ማስጠንቀቂያ፦ ከመሬት ጋር ያልታሰረ ተንቀሳቃሽ የጎል ብረት ተገልብጦ የልጆች ሕይወት ያጠፋባቸው አጋጣሚዎች አሉ። ጎል ከገዛችሁ የማሰሪያው ዋጋ በዚያው በጀት ውስጥ ይግባ፤ ልጆችም አይንጠልጠሉበት።

ደረጃ 7፦ መምህራኑን ሁለት ጊዜ አሠልጥኑ

ሥልጠናውን በአንድ ሳምንት አትጨርሱት። መጀመሪያ አጭር ሥልጠና ስጡ፣ መምህራኑ 6 ሳምንት ይሞክሩት፣ ከዚያ መልሳችሁ አገናኟቸው። ትክክለኛው ጥያቄ የሚመጣው ያኔ ነው። ቢያንስ ግማሹ ሜዳ ላይ ከልጆች ጋር ይሁን። የስፖርት መምህሩን ብቻም አትጥሩ፤ እሱ በሌለበት ቀን የሚተካ አንድ ሁለት ሌላ መምህር ይጨመር። አካል ጉዳት ያለባቸውን ልጆች እንዴት ማሳተፍ እንደሚቻል የሥልጠናው አካል ይሁን። አለበለዚያ እነሱ "ጃኬት ጠባቂ" ሆነው ይቀራሉ።

የመገኛ ፊርማ በየቀኑ ይፈረም። በመጨረሻው ቀን የሦስቱም ቀን በአንድ እስክሪብቶ ሲፈረም ኦዲተር ያየዋል።

ደረጃ 8፦ በየወሩ አንድ ሰዓት ተቀመጡ

ሦስቱ ሰዎችና ርእሰ መምህሩ፣ ቋሚ ቀን ይኑራቸው። አጀንዳው ሁለት ብቻ፦ ገንዘብና ደቂቃ።

ገንዘቡን በጥቅል አትዩት። ፕሮጀክቱ 10 ወር ከሆነና 4ኛው ወር ካለቀ 40 በመቶ ጊዜ ሄዷል። ጥቅል ወጪው 45 በመቶ ሆኖ ታዩትና ትረጋጋላችሁ። ግን ዕቃ ሁሉ በመጀመሪያው ወር ስለተገዛ ነው። የሥልጠናው መስመር ሲታይ ምናልባት 5 በመቶ ላይ ነው። ስለዚህ መስመር በመስመር።

ደቂቃውን ደግሞ ከደረጃ 4 ጋር አወዳድሩ። ስንት ክፍለ ጊዜ ተካሄደ? በየሁለት ወሩ አንድ የ16 ደቂቃ ምልከታ ድገሙ። ቁጥሩ ካልተነቃነቀ ሰበብ መደርደር ትታችሁ መምህሩ ጋ ሂዱና አንድ ክፍለ ጊዜ ተቀምጣችሁ እዩ። ብዙ ጊዜ ችግሩ ረጅም ማብራሪያና ረጅም ሰልፍ ነው።

ደረጃ 9፦ ለውጥ ካለ ቀድማችሁ ጠይቁ፣ ሪፖርቱን ሳታሳምሩ ጻፉ

ዕቅድ መቀየሩ ነውር የለውም። ሳይፈቀድ መቀየሩ ነው ችግሩ። የለጋሹ ባለሙያ በስልክ "ችግር የለም፣ ቀጥሉ" ቢላችሁ እንኳ በዚያው ቀን "በተነጋገርነው መሠረት" ብላችሁ ኢሜይል ጻፉና ማረጋገጫ አስልኩ። ባለሙያው ነገ ሥራ ሊቀይር ይችላል። ኢሜይሉ ግን ይቀራል።

የክንውን ሪፖርቱና የፋይናንስ ሪፖርቱ ይነጋገሩ። በአንዱ "24 መምህራን ሠለጠኑ" ከተባለ በሌላው የ31 ሰው አበል መኖር የለበትም። ሁለቱን የሚጽፉት ሰዎች ከመላኩ በፊት አንድ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጡ። ያልተሳካውንም ጻፉ፣ ከምክንያቱና ከምታደርጉት ጋር።

ማስጠንቀቂያ፦ የልጆች ፎቶ ያለ ወላጅ የጽሑፍ ፈቃድ ሪፖርት ውስጥም ሆነ ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ አይውጣ። ከፎቶው ሥር ሙሉ ስም አትጻፉ።

ደረጃ 10፦ መዝጊያውን ከ3 ወር በፊት ጀምሩ

ያልታዘዘ ዕቃ ካለ አሁኑኑ እዘዙ፤ በመጨረሻው ሳምንት የሚገዛ ዕቃ ልጆቹን ሳይጠቅም ፕሮጀክቱ ያልቃል፣ ለጋሹም ያ ግልጽ ይሆንለታል። ማለቂያው ቀን ሳይደርስ ሁለተኛውን ልኬት አድርጉ። ንብረቱን በመዝገቡ ቆጥሩና በፊርማ አስረክቡ። የተረፈ ገንዘብ ካለ ስምምነቱ እንደሚለው መልሱ ወይም የማራዘሚያ ጥያቄ በወቅቱ አቅርቡ።

በቀጣዩ የትምህርት ቤቱ መደበኛ በጀት ውስጥ ለኳስ፣ ለመርፌና ለገመድ መተኪያ ትንሽም ብትሆን አንድ መስመር አስገቡ። ግራንቱ ዕቃ ይገዛል። ሲያልቅ የሚተካው ግን ትምህርት ቤቱ ነው።

ብዙ ጊዜ የማያቸው ስህተቶች

- ግራንት መጣ ተብሎ ትምህርት ቤቱ ለስፖርት ይመድብ የነበረውን ማንሳት። ብዙ ለጋሾች ነባር በጀትን መተካት ይከለክላሉ።
- ለትምህርት ቤቱ ቡድን ማልያ መግዛት። 18 ልጅ ይለብሰዋል፣ 600 ልጅ ያያል። ስምምነቱ ውስጥ ካልተጻፈ ተዉት።
- የተማሪን ቁጥር ደራርቦ መቁጠር። አንድ ልጅ 10 ጊዜ ቢመጣ 10 ተሳታፊ አይሆንም። ሁለቱን ለዩ፦ ስንት ልጅ፣ ስንት ጊዜ።
- ሴቶችንና ወንዶችን ለይቶ አለመቁጠር። ጥቅል ቁጥሩ ጥሩ መስሎ ሴቶቹ ከሜዳው ዳር ቆመው ሊሆን ይችላል። ለይታችሁ ስትቆጥሩ ብቻ ነው የሚታየው። ምክንያቱን ደግሞ ራሳቸውን ጠይቁ፤ ልብስ መቀየሪያ ቦታ ማጣት ብቻ ሊሆን ይችላል፣ ያ ደግሞ በመጋረጃ ይፈታል።
- ትምህርት ቤቱ በዓይነት ያዋጣውን (ሜዳ፣ አዳራሽ፣ የመምህር ሰዓት) አለመመዝገብ። መጨረሻ ላይ "ቃል የገባችሁት የታለ?" ሲባል የምታሳዩት አይኖርም። ወር በገባ ቁጥር በአንድ ቅጽ ሙሉት፣ ርእሰ መምህሩ ይፈርምበት፣ ማኅደሩ ውስጥ ይግባ።